የውሻ ጉበት መግል ሲቋጥር፦ ኦፕራሲዮን መቼ ያስፈልጋል? እንዴትስ ይሠራል?

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ግቢው ውስጥ አምስት ስድስት ቤት አለ፣ ውሻው ግን አንድ ነው፤ የሁሉም ነው። ስሙ ቡቺ ወይ መቻል ነው። ቀን ይተኛል፣ ማታ በር ይጠብቃል፣ ከየቤቱ ትራፊ ይበላል። አንድ ቀን ትራፊውን አሽትቶ ይተወዋል። በማግስቱ ከተኛበት አይነሳም። ያኔ ግቢው በሙሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ «ብርድ መቶት ነው» ይላል፣ አንዷ «መርዝ በልቶ ነው» ትላለች፣ ሌላው ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ይመጣል።

ዛሬ የምናወራው ከእነዚህ ግምቶች መሃል ማንም ስለማያነሳው በሽታ ነው፦ የጉበት መግል። ብዙ ውሻ የሚይዝ በሽታ አይደለም። ሲይዝ ግን ይገድላል፣ በጊዜ ከተደረሰበት ደግሞ በኦፕራሲዮን የሚድንበት ዕድል አለ። አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱን የሚፈጥረው በግምት ሲጠበቅ የባከነው ቀን ነው። ስለዚህ ሴቭ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

የጉበት መግል ምንድን ነው?

ብጉንጅ ወጥቶባችሁ ያውቃል? ሰውነት ባክቴሪያው እንዳይዛመት ዙሪያውን አጥር ያጥርበታል። አጥሩ ውስጥ ባክቴሪያ፣ የሞተ ሥጋና ነጭ የደም ሴል ይጠራቀምና መግል ይሆናል። ይሄው ነገር ጉበት ውስጥ ሲፈጠር የጉበት መግል እንለዋለን። ልዩነቱ ምንድን ነው? የእጅ ብጉንጅ ሲፈነዳ ወደ ውጭ ይፈስሳል። የጉበቱ ሲፈነዳ ግን የሚፈስሰው ሆድ ዕቃ ውስጥ ነው።

ሁለት ዓይነት መልክ አለው። አንዳንዱ ውሻ ላይ አንድ ትልቅ ቋጠሮ ሆኖ ይገኛል። ሌላው ላይ ደግሞ ትንንሽ ሆኖ ጉበቱ ላይ ይበተናል። ይህን ልዩነት ያዙት፤ ኦፕራሲዮን ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚለው ጥያቄ ላይ እንመለስበታለን።

ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ለማወቅ፦ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1994 የታከሙ ውሾችን መዝገብ ያጠናቀረ አንድ ጥናት የያዘው 14 ውሾችን ብቻ ነው።

ከየት ይመጣል?

ጉበት የሰውነት ኬላ ነው። ከአንጀት የሚነሳው ደም ወደ ሌላው አካል ከመሄዱ በፊት በጉበት በኩል ያልፋል። ወደ ጉበት ከሚገባው ደም ከግማሽ በላይ የሚሆነውም በዚሁ መንገድ የሚመጣ ነው። አንጀት ሲታመም ወይም ሲቆስል ባክቴሪያ ከደሙ ጋር ይሳፈራል። ሌሎች መንገዶችም አሉ፦

• ከአንጀት በሐሞት ቱቦ ወደ ላይ የሚወጣ ኢንፌክሽን፤
• የቆሽት መቆጣት፤
• የስኳር በሽታ፣ ወይም ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ (ሁለቱም የሰውነትን መከላከያ ያዳክማሉ)፤
• ጉበት ላይ የወጣ ዕጢ መሃሉ ሲሞትና ሲበሰብስ፤
• የጉበት ክፋይ ተጠማዝዞ ደም ሲያጣ፤
• መኪና ሲገጨው፣ በዱላ ሲመታ ወይም ሌላ ውሻ ነክሶ ሆዱን ሲበሳው፤
• የዋጠው ስለታም ነገር የጨጓራን ወይም የአንጀትን ግድግዳ በስቶ ወደ ጉበት ሲሄድ።

የመጨረሻውን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ስቴኪኒ፣ ከጥብስ ጋር የወደቀ የእንጨት ስንጣሪ፣ ሹል አጥንት... ከስጋ ቤትና ከምግብ ቤት ጀርባ የሚበላ ውሻ እነዚህን ሁሉ ያገኛል።

በሽታው በብዛት የሚታየው በዕድሜ በገፉ ውሾች ላይ ነው። አዲስ የተወለደ ቡችላም ሊይዘው ይችላል፤ እትብቱ ሲመረቅዝ ባክቴሪያው በእትብት ደም ሥር በኩል ጉበት ይገባል።

ምልክቱ ምንድን ነው?

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የራሱ የሆነ ምልክት የለውም። የሚታየው ሌላ አሥር በሽታ ላይም የሚታይ ነው፦

• ምግብ መተው፣ መፍዘዝ፣ መተኛት፤
• ትኩሳት፤
• ማስመለስ፣ አንዳንዴም ተቅማጥ፤
• ሆዱን ሲነኩት መሸሽ ወይም ማጉረምረም፤
• መክሳት፤
• የዓይን ነጩና ድዱ ቢጫ መሆን (በሰው ላይ የወፍ በሽታ የምንለው)። ይሄኛው ሁሉም ላይ አይታይም።

ቤት ውስጥ ሁለት ነገር ማየት ትችላላችሁ። አንደኛ፣ የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት በፊንጢጣ ሲለካ ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከሰው ይበልጣል። ስለዚህ በእጃችሁ ዳብሳችሁ «ይሞቃል» ማለት ምንም አይነግራችሁም። ሁለተኛ፣ ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ድዱን በጣት ጫን አድርጉና ልቀቁት። የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ ቀለሙ መመለስ አለበት። ከዘገየ የደም ዝውውሩ ደክሟል ማለት ነው።

እነዚህን ካያችሁ ግን ሌላ ነገር አትጠብቁ፦ በድንገት መውደቅ፣ የሆድ መነፋት፣ የነጣ ድድ፣ የቀዘቀዘ እግር፣ ፈጣን ትንፋሽ። ቋጠሮው ፈንድቶ ሊሆን ይችላል። ያ ደግሞ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ለነገ አይባልም።

«አብዶ እንዳይሆንስ?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ያለና ምልክቱ ከወጣ በኋላ የማይድን በሽታ ነው። ውሻው ካልተከተበ፣ ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ለሃጩ ከተዝረከረከ ድዱን ለማየት ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳትከቱ። ለብቻው ዘግታችሁ ሐኪም ጥሩ። ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ።

የተከተበ ውሻ ሲታመም ግን ሰው በድፍረት ይነካዋል፣ ሐኪምም በድፍረት ይመረምረዋል። ክትባቱ በዚህ በኩልም ሕይወት ያተርፋል። በእብደት ተጠርጥሮ በድንጋይ ከመባረር ያድነዋል።

ምን አትስጡት?

ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ። የሰው ማስታገሻ ለውሻ መርዝ ሊሆን ይችላል። ፓራሲታሞል ራሱን ጉበትን ይጎዳል፣ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከምም ያደርጋል። ሌሎቹ ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ። ነጭ ሽንኩርትም «መድኃኒት ነው» ተብሎ መሰጠት የለበትም፤ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ዘይት ወይም ቅቤ በግድ መጋትም እንዲሁ፤ የደከመ ውሻ ሳንባው ውስጥ ያስገባዋል።

አሞክሳሲሊኑስ? እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። አንቲባዮቲክ ለጊዜው ትኩሳቱን ሊያወርደውና ውሻው ትንሽ ሊበላ ይችላል። ግቢው «ዳነ» ይላል። ነገር ግን መድኃኒቱ በደም የሚጓዝ ነው፣ አጥሩ መሃል ወዳለው መግል ደግሞ ደም በደንብ አይደርስም። መግሉ እዚያው ተቀምጦ ይቆያል። ከሳምንት በኋላ ውሻው እንደገና ሲተኛ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለምዶት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ የመግል ናሙና ቢያስመረምርም ውጤቱ ሊዛባ ይችላል።

እንዴት ይታወቃል?

መጀመሪያ የደም ምርመራ ይሠራል። ነጭ የደም ሴል ይጨምራል፣ የጉበት ኢንዛይሞች ከፍ ይላሉ። ይህ «ኢንፌክሽን አለ፣ ጉበትም ተነክቷል» ይላል እንጂ መግል መኖሩን አያረጋግጥም። ኤክስሬይ ጉበቱ ማበጡን ወይም ውስጡ አየር መኖሩን ሊያሳይ ይችላል።

ዋናው መሣሪያ አልትራሳውንድ ነው። ቋጠሮው አንድ ይሁን ብዙ፣ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ የትኛው የጉበት ክፋይ ላይ እንደሆነ፣ ሆድ ዕቃ ውስጥ የፈሰሰ ነገር መኖሩን ያሳያል። ከዚያ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ በቀጭን መርፌ ናሙና ይቀዳል። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ለካልቸርም ይላካል። ካልቸር የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይናገራል። ብዙ ጊዜ የሚገኙት ኢ. ኮላይ፣ ክሌብሲዬላ፣ ክሎስትሪዲየምና የመሳሰሉት ናቸው። አንዳንዶቹ አየር በሌለበት ብቻ ስለሚያድጉ ናሙናው ለዚያም ጭምር መዘጋጀት አለበት።

መርፌ ወይስ ቢላ?

ቅድም የያዝነው ልዩነት እዚህ ይመጣል።

ቋጠሮዎቹ ብዙና ትንንሽ ከሆኑ ቆርጦ ማውጣት አይቻልም፤ ጉበቱን ሁሉ ማውጣት ይሆናል። ያኔ ሕክምናው ለሳምንታት የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው። የሚደረስበትን ደግሞ በአልትራሳውንድ እየተመራ በመርፌ መምጠጥ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት መግሉን በመርፌ ከመጠጡ በኋላ ባዶውን ቦታ በአልኮል ማጠብን በ5 ውሾችና በ1 ድመት ላይ አሳይቷል። ይህ መንገድ ሰመመንና ቢላ ለማይችል ደካማ ውሻም አማራጭ ነው።

ኦፕራሲዮን የሚመረጠው፦

• ቋጠሮው አንድና ትልቅ ሲሆን፣ ወይም ሁሉም አንድ ክፋይ ላይ ሲሆኑ፤
• ከፈነዳ ወይም ሊፈነዳ ከደረሰ፤
• መርፌና መድኃኒት ተሞክሮ ካልተሻለው፤
• ከሥሩ ዕጢ፣ የተጠማዘዘ ክፋይ ወይም የገባ ባዕድ ነገር ካለ።

ጉበት ተቆርጦ ይኖራል ወይ?

ይኖራል። የውሻ ጉበት እንደ ቅጠል በተነጣጠሉ 6 ክፋዮች የተሠራ ነው። ሐኪሞቹ ሎብ ይሏቸዋል። አንዱ ሲበላሽ ከሥሩ አስሮ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። ከዚህም በላይ ጉበት መልሶ ያድጋል። የቀረው ጤነኛ ከሆነ አንድ ውሻ እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ጉበቱ ተቆርጦለት መኖር ይችላል፤ የቀረውም በሳምንታት ውስጥ ሰፍቶ የጎደለውን ሥራ ይይዛል።

ኦፕራሲዮኑ ደረጃ በደረጃ

1. ማረጋጋት። ውሻው በቀጥታ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። በደም ሥሩ ፈሳሽ (እኛ ግሉኮስ የምንለው) እና አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል። የደም ስኳሩ ይታያል፣ ምክንያቱም ኢንፌክሽኑ ደም ውስጥ ሲገባ ሊወርድ ይችላል። ደሙ መርጋት መቻሉም ይመረመራል። ደም የሚያረጉ ንጥረ ነገሮችን በብዛት የሚሠራው ጉበት ስለሆነ ይህ መዘለል የለበትም።

2. ሰመመን። ብዙ የሰመመን መድኃኒቶችን የሚያስወግደው ጉበት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ተመርጦና ተመጥኖ ይሰጣል፣ አንድ ሰው ትንፋሹንና ልቡን ብቻ ይከታተላል።

3. መክፈት። ሆዱ መሃል ለመሃል፣ ከደረት አጥንት ጫፍ ጀምሮ ይከፈታል። ሐኪሙ ጉበቱን ብቻ ሳይሆን ሐሞት ከረጢቱን፣ ቆሽቱን፣ ጣፊያውንና አንጀቱን ያያል። መነሻው እዚያ ሊሆን ይችላል።

4. ማጠር። የታመመው ክፋይ ዙሪያ በእርጥብ ንጹህ ጨርቅ ይታጠራል። መግሉ ሌላው አካል ላይ እንዳይፈስስ ነው።

5. ማሰርና መቁረጥ። ወደ ክፋዩ የሚገቡ የደም ሥሮችና የሐሞት ቱቦው በክር ወይም በስቴፕለር ይታሰራሉ፣ ከዚያ ክፋዩ ይቆረጣል። የግራ ክፋዮች ይቀላሉ። የቀኞቹ ከትልቁ የደም መላሽ ሥር ጋር ስለተጣበቁ አስቸጋሪና አደገኛ ናቸው።

6. ሞራ ማልበስ። ቋጠሮው ሊቆረጥ የማይችል ቦታ ላይ ከሆነ ይከፈታል፣ መግሉ ይመጠጣል፣ ይታጠባል፣ ባዶ ቦታው ውስጥ ሞራ ይጎሰጎሳል። አዎ፣ በግ ሲታረድ አንጀት ላይ ተዘርግቶ የምናየው ያው ሞራ። በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ ኢንፌክሽን ተከላካይ ሴሎችን ያመጣል፣ የተረፈውን ፈሳሽም ይመጣል። ድሮ ሞራ ገላጭ ዕጣ ፈንታ ያነብበት ነበር፤ የእንስሳት ሐኪም ደግሞ ቁስል ያለብስበታል።

7. ማጠብና መዝጋት። ሆድ ዕቃው በሞቀ ንጹህ ጨዋማ ፈሳሽ ይታጠባል። ሐኪሙ ጓንትና መሣሪያ ይቀይራል፣ ከዚያ ይሰፋል። መግሉ ፈስሶ ከነበረ ለጥቂት ቀን የሚያንጠባጥብ ቱቦ ሊተው ይችላል። የተቆረጠው ክፋይ ለምርመራ ይላካል፤ ከሥሩ ዕጢ ካለ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

አደጋውን እንናገር

ይህ ማምከን ወይም ቁስል መስፋት አይደለም። ከባድ ኦፕራሲዮን ነው። ትልቁ አደጋ ደም መፍሰስ ነው። ቀጥሎ የኢንፌክሽኑ በደምና በሆድ ዕቃ መሠራጨት ይመጣል። ጥሩ ሐኪምና ጥሩ መሣሪያ ባለበት እንኳ የሚሞቱ ውሾች አሉ። ሳይፈነዳ የተደረሰበት፣ አንድ ቦታ ላይ የተወሰነ፣ ሌላ በሽታ የሌለበት ውሻ የተሻለ ዕድል አለው። በጣም ያረጀ፣ ጉበቱ ሁሉ በዕጢ የተያዘ ውሻ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ ሊመክር ይችላል። መስማቱ ይከብዳል። ውሻውን አውጥቶ መንገድ ላይ ከመጣል ግን እጅግ የተሻለ ክብር ነው።

ከኦፕራሲዮን በኋላ

የመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ሐኪም አጠገብ ቢሆን ይመረጣል። ቤት ሲመጣ፦

• ስፌቱን እንዳይልስ አንገቱ ላይ የፕላስቲክ መከለያ ይደረግለት፤
• ከ10 እስከ 14 ቀን መሮጥ፣ መዝለልና ደረጃ የለም። ስፌቱም የሚወጣው በዚሁ ጊዜ ነው፤
• ምግብ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ፤
• አንቲባዮቲኩ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይቀጥላል። «ተሻለው» ብላችሁ በሁለተኛው ሳምንት እንዳታቆሙ፤
• መድኃኒቱ ከመቆሙ በፊት አልትራሳውንድ ይደገማል።

የጋራ ውሻ ከሆነ አንድ ኃላፊ ምረጡ። ኪኒኑን ሁሉም ሰው የሚሰጥ ከሆነ ወይ ሁለቴ ይሰጠዋል ወይ ማንም አይሰጠውም።

ከተክለ ሃይማኖት ወዴት ይኬዳል?

የመጀመሪያው በር ቅርባችሁ ያለ የእንስሳት ክሊኒክ ነው። ሰፈሩ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሩቅ ባይሆንም የሰው ሆስፒታል ውሻ አይቀበልም። ክሊኒኩን ከመሄዳችሁ በፊት በስልክ «አልትራሳውንድ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ ወዳለበት እንዲመሩዋችሁ ጠይቁ።

ቀጣዩ አማራጭ ቢሾፍቱ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ እዚያ ነው፣ የማስተማሪያ የእንስሳት ሆስፒታልም አለው። የአገራችን የእንስሳት ሐኪሞች ትምህርት ቤት ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1979 የተጀመረ ነው። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሚኒባስ ውሻ አይጭንም፣ ስለዚህ ኮንትራት መኪና ያዙ። በካርቶን ወይም በብርድ ልብስ ላይ አስተኙት፣ ሆዱን አትጫኑት። የሚያስመልስ ከሆነ አፉን በጨርቅ አትሰሩ፤ ይታፈናል።

ሐኪሙን የምትጠይቁት፦

• ቋጠሮው ስንት ነው? የትኛው ክፋይ ላይ ነው?
• ሆድ ዕቃው ውስጥ የፈሰሰ ነገር አለ?
• የደም መርጋት ምርመራ ተሠርቷል?
• ደም ቢያስፈልግ ከየት ይመጣል? (ጤነኛ፣ የተከተበ፣ ትልቅ ውሻ ደም ሊለግስ ይችላል።)
• መግሉ ለካልቸር ይላካል?
• ማታ ማን ይጠብቀዋል?
• ክትትሉና መድኃኒቱ ተደምሮ ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው?

የመጨረሻውን ጥያቄ አትፈሩት። በጋራ የምታሳድጉት ውሻ ከሆነ በጋራ ማዋጣት ይቻላል፤ ግን ከመጀመሪያው ሙሉውን ማወቅ አለባችሁ።

ከውሃ ከረጢቱ ጋር አታምታቱት

«ጉበትና ውሻ» ሲባል ብዙ ሰው የሰማው ሌላ በሽታ አለ፦ ሃይዳቲድ። ይህ መግል አይደለም፣ የትል ዕጭ የሚሠራው በውሃ የተሞላ ከረጢት ነው። ትሉ በውሻ አንጀት ውስጥ ይኖራል፣ ውሻውን ብዙም አያሳምመውም። እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል። ከረጢቱ የሚበቅለው በበግ፣ በከብትና በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ነው። ሰው ላይ ሲያድግ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግ ይችላል።

ዑደቱ የሚቀጥለው እኛ ስንረዳው ነው። ለበዓል ግቢ ውስጥ በግ ይታረዳል፣ ጉበቱ ላይ ከረጢት ይታያል፣ «ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻው ይጣላል። ለውሻውም አይሆንም! ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ውሻችሁንም በሐኪም ምክር ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት ስጡት። ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን ታጠቡ፣ በተለይ ሕፃናት።

ለማጠቃለል

ስቴኪኒና ሹል አጥንት ከትራፊው ውስጥ ልቀሙ። አስከትቡት። የቡችላ እትብት ካበጠ ወይም ከሸተተ አሳዩት። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ያዙ፦ ውሻችሁ ምግብ ከተወ ሁለተኛ ቀኑን አትጠብቁ፣ ትኩሳት ወይም ማስመለስ ካለበት ደግሞ በዚያው ቀን ውሰዱት። ፋርማሲ ከመሄዳችሁ በፊት አልትራሳውንድ ያለበትን ፈልጉ።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ስንት ሌሊት ጮኾ ጠብቆናል። ዝም ያለ ቀን ደግሞ እኛ እንጩህለት።

ውሻ ላለው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉት።